የመስፍ ዋጋ

ቅዳሜ ማታ ነው፤ ጠባሴ፣ ከፎቶ ኮፒው ቤት ጀርባ፣
ብርዱ በበሩ ሥር እንደ ድመት ሲገባ።
አምስት ነን፤ አንድ ጠረጴዛ፣
በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ የሣልነው ካርታ፣
ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ፣ ግማሽ ኪሎ ቆሎ፣
ከፋብሪካ በቅናሽ የወጣ አንድ ብርድ ልብስ፣
ወደዚህ ሲስቡት የዚያኛውን ጉልበት የሚያጋልጥ።

አጫዋቹ እኔ ነኝ፤ ዘንዶ የማስነሣ፣
ገበያ የማቆም፣ ድልድይ የማፈርስ።
ፍሬሰላም አለች፦ “ጎራዴ ሰለቸኝ፤
የገደልኩት ዘንዶ ለምንም አልበጀኝ።
ባለሙያ ልሁን፤ ብረት ልቀጥቅጥ፤
ሁለት መቶ አሞሌ አለኝ፤ ዋጋህን ቁረጥ።”

ደብተሬን ገለጥኩ።
የጎራዴ ዋጋ አለ፤ የጋሻ፣ የበቅሎ፤
የመርዝ ማርከሻ እንኳ በጠርሙስ ተሰልቶ።
የሠሪው ዕቃ ግን ባዶ መሥመር ነበር።
ጎራዴ ከሰማይ የሚዘንብ ይመስል
ስንት ዓመት ሸጥኩት፣
ማን ቀጠቀጠው ሳልል።

ማክሰኞ በሚኒባስ ወደ አንኮበር ሄድኩ፣
ጉሙ መንገዱን እየበላ፣ ሾፌሩ እየተሳለ።
ጋሽ ወልደየስ ወናፉን ይነፋል፤ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ፣
ሁለት የፍየል ቆዳ፣ እንደ ሽማግሌ ደረት የሚያጓራ።
“ለጨዋታ ነው” አልኩት፤ “የውሸት አገር አለን፤
የውሸት ገበያ፣ እውነት ዋጋ ያጣን።”
ሳቀ።
“የውሸቱ አገርስ ቀጥቃጩን ምን ይለዋል?”
እስክሪብቶዬን ፈተሽኩ፤ ይጽፋል።
“ግድ የለም” አለኝ፤ “ጻፍ።”

“ወናፍ፦ ሁለት ፍየል፣ በአንድ እጅ የለፉ፤
አንዱ ከቀደመ እሳቱን ያስነጥሰዋል።
ከሰል፦ የወይራ፤ የባሕር ዛፍ ይቸኩላል፣
ብረቱን ሳያሳምን እሱ ቀድሞ ያልቃል።
ጉጠት ግን ራስህ ትሠራዋለህ።
በምን? በሌላ ሰው ጉጠት።
እንግዲህ ዋጋው የጎረቤት ፊት ነው፣ የልመና ሌሊት።
መዶሻ፦ ከባሌስትራ፤ የአይሱዙ ይሻላል።”
“መኪና የለም እኮ በኛ ምድር።”
“ከዘንዶው ጥርስ አርገው፤ እኔ ምን ቸገረኝ!”

“መስፍስ?” አልኩት።
መዶሻውን አስቀመጠ።
“መስፍ አይሸጥም። ቤቱን እሷ ላይ ሠራነው እንጂ
እሷ ቤታችን አልመጣችም።
ገዝቶ የጀመረ ቀጥቃጭ አላየሁም፤
ማን ገዝቶ ይገባል እዚህ ስም ውስጥ?
ቀን ማረሻ ሊያስል መጥቶ ‘እጅህ ይባረክ’ ያለኝ፣
ማታ ልጁን ሲያመው በእኔ ስም ያስለፈልፋል።
ይህን በአሞሌ ስንት ትለዋለህ?”

ስንትም አላልኩ።
ስወጣ አንድ ቢላ አነሣሁ፤ “ሦስት መቶ ሃምሳ” አለኝ፤
“ሦስት መቶ ካልሆነ” ብዬ ድርቅ አልኩ፣ ሰጠኝ።
ሚኒባሱ ጎረቤላ ሲደርስ ነው የገባኝ፣
ዋጋ ልማር የሄድኩት ሰውዬ።

ቅዳሜ አነበብኩ፦ “ወናፍ አርባ፤ መዶሻ አሥራ ሁለት፤
ጉጠት፣ የአንድ ሌሊት ልመና፤ መስፍ…”
ጭረት።
ምንተስኖት ተነሣ፤ ሕግ የሚወድ ልጅ ነው፦
“ጭረት ዋጋ አይደለም! ሠንጠረዥ ከሆነ ይሞላ!”
ቆሎው ተደፋ።
ፍሬሰላም ግን ዳይሱን በመዳፏ አሞቀችው፦
“ከማን ልውረሰው?”
“ከሚያስጠጋሽ፤ ሰባት ዓመት ወናፍ ነፍተሽ።
መንደሩም ከዚያ ወዲያ በስምሽ አይጠራሽም።”
ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ሳበች፤ የኔ ጉልበት ቀዘቀዘ።
“ማረሻቸው ግን ይሰበራል፣ አይደል?”
“ይሰበራል።”
“እንግዲያ ይመጣሉ።”

ወረወረች።
ዳይሱ ከጠረጴዛው ዘሎ፣ ቆሎውን አልፎ፣
ብርዱ በሚገባበት በር ሥር ሄደ።
አምስታችንም በጉልበታችን፣ በስልክ መብራት፣
ስንት እንደወጣ ፍለጋ።